ዋስ ያልተጠራበት እርቅ

ፋና ሻንጣዋን እየጎተተች አዳማ ደጄ ላይ ስትቆም መልኳን አላውቀውም ነበር። «እማማ ሮማነወርቅ፣ እኔ ፋና ነኝ፤ የቡልቡላዋ» አለችኝ። አንገቷን አቅፌ ሳምኳት። ለዓመታት አውርተናል፤ ያወራነው ግን በሰብስቤ ጣት ነው።

ሰብስቤ የመንገድ ዳሩን ክፍሌን ተከራይቶ ኢንተርኔት ቤት ከፍቶበት ነበር። የዚያን ጊዜ የኛ አካባቢ ልጆች የሚገናኙበት መድረክ ነበረ፤ ፎረም ይሉታል። የሞጆው ሾፌር፣ የቢሾፍቱው ባለጋሪ፣ ዐረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራዋ፣ ሁሉም በቅጽል ስም እየገባ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ሲብስበትም ይሳደባል። ሰብስቤ ጮክ ብሎ ያነብልኛል፣ እኔ በርጩማዬ ላይ ሆኜ እመልሳለሁ፣ እሱ ይጽፋል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አፌን ግን ማንም አልቆለፈውም።

«እማማ፣ ትንሽ ላለስልሰው?» ይለኛል።

«እንዳልኩህ ጻፍ። ጨዋነት ሲያምርህ በራስህ አፍ ተናገር።»

ፋና ዐረብ አገር ሳለች አባቷ ሞቱ። መድረኩ ላይ «ስመለስ የት ነው የምገባው?» ብላ ጠየቀች። ወንድሟ ገላናም እዚያው ነበር። «ቤቱን የጠበቅኩት እኔ ነኝ» አላት። በሰው ሁሉ ፊት ተነካከሱ። እኔ ሽምግልና ገባሁ። «ሴት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሽማግሌ የሆነችው?» የሚል አንድ ሰው ብቅ አለ፤ የመለስኩለትን ሰብስቤ የጻፈው ሦስቴ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎኝ ነው። ክርክሩ ከረመ። የሞጆው ሾፌር እንኳ መንገድ ባደረበት ሁሉ እየገባ ለፋና ይሟገት ነበር። በመጨረሻ ገላና፣ «የጓሮዋ ክፍል የፋና ናት፤ ለማንም አልሰጣትም» ብሎ ጻፈ። ያ ሁሉ ሰው አሜን አለ።

እርቅ ሲወርድ ዋስ ይጠራል። ቃሉ የፈረሰ እንደሆነ አንገቱ የሚያዝ ሰው ማለት ነው። «ዋስህን ጥራ» ልለው ስል ሰብስቤ፣ «እማማ፣ እዚህ የተጻፈ አይጠፋም። ገጹ ራሱ ዋስ ነው» አለኝ። የተማሩት ሁሉ ልክ ነው አሉ። እርቁ ያለ ዋስ ወረደ።

አሁን ፋና ተመልሳ ቡልቡላ ብትገባ ክፍሏ ውስጥ ተከራይ አገኘች። ገላናን ብትጠይቀው፣ «የት ነው ያልኩት? አሳዪኝ» አላት። ሻንጣዋን ይዛ ወደ እኔ የመጣችው ለዚህ ነው።

ሰብስቤን ጠራሁት። አሁን ኮምፒውተሮቹን ሸጦ በዚያው ክፍል ስልክ ይጠግናል። ስልኩን አወጣና መነካካት ጀመረ። ፊቱ እየጠቆረ ሄደ።

«ምን ይላል?»

«ፓስወርድ ይላል፤ ረስቼዋለሁ። በኢሜይል ልላክልህ ይላል፤ ኢሜይሉ ከተዘጋ ቆየ። አዲስ ሰው ደግሞ አይመዘግብም። ፋናም የራሷን ረስታዋለች።»

«ባለቤቱን ጠይቀዋ!»

«ጽፌለት ነበር። አይመልስም። ሰዉ ሁሉ ወደ ቴሌግራም ሲሄድ ትቶት ጠፋ፤ በቅርቡ ጭራሽ ይዘጋል አሉ።»

«አንተስ ከገባህ ስንት ጊዜህ?»

አንገቱን ደፋ። አልፈረድኩበትም፤ እኔስ መቼ ጠየቅኩት? ሰው የሌለበት ቤት ይፈርሳል። የገረመኝ ሌላ ነው። አሁን ሰዉ የሚያወራበትንም ሰብስቤ አንብቦልኛል። እንደ ጎርፍ ነው፤ የጠዋቱን የማታው ይወስደዋል። በዚያ መድረክ ላይ ግን ሰው በተናገረው ይያዝ ነበር። «አንቺ አምና እንዲህ ብለሽ አልነበር?» የሚል አይጠፋም። እኔንም ይዘውኝ ያውቃሉ፤ ውሸታቸውን አልነበረም።

በማግስቱ ሦስታችን በሚኒባስ ቡልቡላ ወረድን። ገላና በር ላይ ተቀበለን፤ ግራ የገባው፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ነው።

«ይግቡ እማማ፣ ይቀመጡ።»

«ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም።» ጉልበቴ እያቃጠለኝ በዘንጌ ላይ ቆምኩ።

«ስለ ክፍሏ ከሆነ የጻፍኩትን ያምጡና እንነጋገር።»

ሰብስቤ አፉን ሊከፍት ሲል በክርኔ ጎሸምኩት። «የለንም» አልኩ። «በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፍ የያዘ ሰው የለም። ዋስ አልጠራንም፤ ማሽን አምነን ተሞኘን። ውሸታም ብትለኝ ማሳያ የለኝም። የመጣሁት ዓይንህን እያየሁ ልጠይቅህ ነው። ብለሃል ወይስ አላልክም?»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ለመሆኑ ያኔ የሰደቡኝ እርስዎ ነዎት?» አለ።

«አህያ ብዬህ ነበር።»

«አይደለም! ‹የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም› ነው ያሉኝ። በሰው ሁሉ ፊት! ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።»

«ስድቡን እንዲህ ካስታወስክ ቃልህንም አልረሳህም።»

ፋና ሳቋ አመለጣት። እሱም ሊስቅ ቃጣውና ተወው። «ብያለሁ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ትመለሳለች ብዬ አላሰብኩም። ዐረብ አገር ሄዶ የቀረው ስንቱ ነው?»

ይህኔ ከጓሮ ሕፃን አለቀሰ። ፋና ሄዳ አይታ ተመለሰች።

«ተከራይዋ አራስ ናት። አራስ አላስወጣም።»

«እንግዲህ ያስገባት እሱ ነው፤ መላውንም እሱ ይፈልግ» አልኩ።

ገላና ራሱን አከከ። «ፋና የኔን ክፍል ትውሰድ። ሴትየዋ በርትታ ሌላ ቤት እስክታገኝ እኔ ሳሎን እተኛለሁ። ከዚያ የጓሮዋ የፋና ናት።»

«አሁን ዋስህን ጥራ።»

አጥር ማዶ ሽንኩርቱን የሚያጠጣውን ጎረቤቱን ጫምሳን ጠራው። ጫምሳ ጭቃ እግሩን ይዞ መጣ። «ለገላና ዋስ? ለበሬው ብሆን ይሻለኝ ነበር» አለ፤ ሆኖም እጁን ዘርግቶ የገላናን መዳፍ መታና ዋስ ሆነ። ሰው ማለት ይህ ነው፤ አጥር ማዶ አለ፣ ሲፈልጉት ይወጣል። ያኔ ተቀመጥኩ።

ፋናን እዚያው ትተናት ስንመለስ መቂ ላይ አንድ ነገር ቆረቆረኝ።

«ሰብስቤ፣ ያ አሜን ያለው ሰው ሁሉ መግባቷን በምን ይሰማል?»

«ቴሌግራም ላይ ልልቀቀው?»

«ለማን?»

አሰበ። «ስማቸውን እኮ አናውቅም እማማ። ቅጽል ስማቸውን ብቻ ነው።»

ለማያውቋት ልጅ ስንት ሰሞን ተሟገቱላት፤ መጨረሻውን ሳይሰሙ መንገዳቸው ተዘጋ። ይህ አልዋጥልህ ቢለኝ ነው ሰብስቤን ቁጭ አድርጌ ይህን ያስጻፍኩት። የሞጆው ሾፌር፣ ባለጋሪው፣ አንተም ሴት አትሸመግልም ያልከው፣ ድንገት ዓይናችሁ ከገባ፦ ፋና ቤቷ ገብታለች። ዋሱ ጫምሳ ነው።