የማስቲሽ ሽታ

መጀመሪያ የወጣብኝ ክንዴ ላይ ነው። ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ሰሌዳው ላይ የመደመር ሒሳብ እየጻፍኩ ሳለ እጅጌዬ ስር አሳከከኝ። ገልጬ ሳየው ቀይ፣ እብጥ ያለ፣ የሳንቲም ስፋት ያለው ነገር ነው። ደወሉ እስኪደወል ድረስ አንገቴ ላይ ደርሶ ነበር። ከፊት የምትቀመጠው ለፍላፊዋ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ንብ ነደፈሽ እንዴ?» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

በማግስቱ ጀርባዬ ላይ ወጣ፣ ከዚያ ጭኔ ላይ። አንዱ ቦታ ሲለቅ ሌላው ይነሳል። የትኛውም ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም፤ ጠቅልሎ የሚሄድበት ቀን ግን የለም።

«ሽፍታ ነው» አለችኝ የሰፈራችን ፋርማሲስት፣ ቅባት እየሰጠችኝ።

ከእኛ ጋር የሚኖሩት የባለቤቴ አባት ይህን ሲሰሙ በሳቅ ፈነዱ። «ሽፍታ? ታዲያ ምን ያስጨንቃል፤ ጫካ ውስጥ ሲርበው እጁን ይሰጣል!» ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሲያገኙኝ «እህሳ፣ ሽፍታው ዛሬ የት ሰፈረ?» ይሉኛል። እኔም «ግራ ትከሻዬን ይዟል፣ አባባ» እላለሁ።

ጫማ ሰሪ ነበሩ። አርባ ዓመት የሠሩባት ሱቅ ለመንገድ ተብላ ስትፈርስ መዶሻቸውን፣ ወስፌያቸውንና የእንጨት የጫማ ቅርጾቻቸውን ይዘው ጓሯችን ያለችው ክፍል ገቡ። የሰፈሩ ሰው ተረከዙ የተበላ ጫማ፣ ማንገቻው የተበጠሰ ቦርሳ ይዞላቸው ይመጣል። ሥራ ሲይዙ ምስማሩን ከንፈራቸው መሃል ደርድረው ነው የሚያወሩት፤ ያን ጊዜ የሚሉት የሚገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሽፍታው ሁለት ወር ሲያልፈው ቀልዱ አለቀ። እንቁላል ተውኩ። ቲማቲም ተውኩ። ሳሙና ቀየርን፣ ብርድ ልብሱን ለሰው ሰጠን፣ ምንጣፉን አንስተን ወለሉን ባዶ አስቀረነው። የጎረቤት ድመት እንኳ በራችን እንዳትደርስ ተከለከለች። ወይ ፍንክች። እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ፤ በትንሹም በትልቁም ተማሪዎቼ ላይ መጮህ ጀመርኩ።

ፋርማሲስቷ ዘንድ ተመልሼ ስሄድ «ቤት ውስጥ የሚሸት ነገር አለ? ቀለም፣ ኬሚካል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የጫማ ማስቲሽ አለ።»

«እሱ ሊሆን ይችላል።»

ሊሆን ይችላል ነው ያለችው። ለባለቤቴ ስነግረው ግን «እሱ ነው» አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ሳስበው መልሱ አያኮራኝም። ደክሞኝ ነበር። የምወቅሰው ነገር ፈልጌ ነበር። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ የመዶሻ ድምፅ የሌለበት አንድ ከሰዓት በኋላ አምሮኝ ነበር።

ባለቤቴ ሁለት ቀን አባቱን እየሸሸ በጊዜ ወጥቶ አምሽቶ ገባ። በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ «አባዬ…» ብሎ ጀመረና መጨረስ አቃተው። እኔ ጨረስኩለት። አባባ የያዙትን ኩባያ አስቀመጡ።

«እንግዲያው ሽፍታው እኔ ነኛ!» አሉ። ሊያስቁን ፈልገው ነበር። ማንም አልሳቀም።

«ለአንድ ወር ብቻ ነው፣ አባባ። እስኪለይ ድረስ ሴት ልጅዎ ዘንድ…»

«አይ ልጄ፣ ለእኔ ደግሞ ምን ታስረጂኛለሽ። ቆዳ ያልወደደውን ነገር በግድ አትለጥፊበትም።»

ያልተሠሩትን ጫማዎች በየቤቱ ዞረው እየመለሱ፣ እያንዳንዱን ሰው ይቅርታ እየጠየቁ አንድ ቀን ሙሉ ዋሉ። በማግስቱ ዕቃቸውን በቆዳ ሽርጣቸው ጠቅልለው ሴት ልጃቸው ዘንድ ሄዱ።

ሽፍታው ጠፋ። አስራ ስድስት ቀን ሙሉ አንዲት ነጥብ እንኳ አልወጣብኝም። ባለቤቴ ክንዴን አገላብጦ እያየ «እውነትም እሱ ነበር» አለ፤ ድምፁ ግን ደስታ አልነበረበትም። በአስራ ሰባተኛው ቀን ልብስ ስቀይር ሆዴ ላይ አየሁት። ሦስት። ከሰዓት በኋላ ሰባት ሆኑ።

አልነገርኩትም።

ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ሲሆን ረጅም እጅጌ ለበስኩ፤ ማታም እሱኑ ለብሼ መተኛት ለመድኩ። ብነግረው በዚያው ቀን ሄዶ እንደሚያመጣቸው አውቃለሁ፤ እኔም ሽማግሌውን በከንቱ ያስወጣሁ ምራት ሆኜ ፊታቸው ልቆም ነው። ቀኑ በገፋ ቁጥር መናገሩ እየከበደኝ ሄደ።

የባለቤቴ እህት ሆቴል ውስጥ የላውንደሪ ኃላፊ ናት፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። አባባ እዚያ መዶሻ ባነሱ በሁለተኛው ቀን ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበ። ከዚያ ወዲያ ዕቃው የተጠቀለለበት ሽርጥ ተፈትቶ አያውቅም። ልንጠይቃቸው ስንሄድ መስኮቱ ስር ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። «ከዚህ የሰው አናት እንጂ ጫማ አይታይም» አሉን። ከስተዋል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቷቸዋል።

ባለቤቴ ከእህቱ ጋር ወጥ ቤት እንደገባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ለቀቀሽ?»

እጅጌዬ ስር ክንዴ እየነደደ ነበር።

«ለቀቀኝ፣ አባባ።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ።»

ፊታቸው በራ። ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። «እንኳንም ወጣሁ!» አሉ። «እዚህ መጎለቴ በከንቱ አይደለማ።»

እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እነ ባለቤቴ ሻይ ይዘው ሲመለሱ መልሼ ዋጥኩት።

አንድ ወር ያልነው አምስት ወር ሆነ። በስድስተኛው፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እህቱ ቁርስ ይዛላቸው ስትገባ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ አርፈው አገኘቻቸው። ልባቸው ነው አሉን።

ከቀብሩ በሦስተኛው ሳምንት እያስተማርኩ ሳለ የታችኛው ከንፈሬ አበጠ፣ ቃል መጥራት እስኪያቅተኝ ድረስ። ርዕሰ መምህሯ በራሷ መኪና ሆስፒታል ወሰደችኝ። የቆዳ ሐኪሙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ የማይቸኩል ሰው ነው። ደሜን አስመረመረ፤ ውጤቱ ሲመጣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አስረዳኝ።

«ይኸውልሽ፣ ቆዳሽ ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ነገር የቋጠሩ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። የሚያሳክክሽም የሚያሳብጥሽም እሱ ነው። የሚለቁት ጠላት ገባ ሲባሉ ነው። አንቺ ዘንድ ግን የገባ ጠላት የለም። የሰውነትሽ የመከላከል ኃይል ተሳስቶ የራሱን ሕዋሳት እየነካካ ነው የሚያስለቅቃቸው።»

«ከውጭ የመጣ ነገርስ? ሽታ… ማስቲሽ?»

«እንዲህ ለወራት የቆየ ሽፍታ ሲሆን ሰው ሁሉ ምክንያቱን ከውጭ ይፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከውጭ የሚገኝ ነገር የለም።»

«ማስቲሹ ከቤት ሲወጣ ጠፍቶልኝ ነበር እኮ። አስራ ስድስት ቀን።»

«በራሱ ይመጣል፣ በራሱ ይሄዳል። አመሉ ነው።» ከዚያ ፊቴን አየና «ምነው? በኪኒን የሚያዝ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ላይም ከጊዜ በኋላ ይጠፋል» አለኝ።

አለቀስኩ። ደስ ብሏት ነው ብሎ መሰለኝ፣ ፈገግ እያለ ሶፍት አቀበለኝ።

ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ሐኪሙ ያለውን ነገርኩት። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሲዞር ስለሚውል እንደገባ ነው የሚቀመጠው።

«ስለዚህ አባዬ አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ። አልተቆጣም። «እኛ በምን እናውቃለን፤ ፋርማሲስቷ ናት ያለችን።»

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር።

«ሌላም አለ» አልኩት። «እሳቸው ከወጡ በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶብኝ ነበር።»

መጀመሪያ አልገባውም። «በሦስተኛው ሳምንት?»

«አዎ።»

«አባዬ በሕይወት እያለ?»

«አምስት ወር ሙሉ።»

ተነስቶ ጓሮ ወዳለችው ክፍል ገባና በሩን ዘጋው። ክፍሉ ባዶ ነው፤ የሚቀመጡበት ነገር እንኳ የለም። ቆሞ ይሁን መሬት ላይ ተቀምጦ አላውቅም። ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመለስኩ።

አልተለያየንም። ለእህቱ ራሴ ሄጄ ነገርኳት፤ ጨርሼ እስክናገር ሰምታኝ እስከ ደረጃው ሸኘችኝ፣ ከዚያ ወዲህ ቤቴን ረግጣ አታውቅም። ኪኒኑን በየቀኑ ዋጥኩ። ሽፍታው እየሳሳ፣ እየራቀ ሄደ፤ በዓመት ከአራት ወሩ ሐኪሙ መድኃኒቱን አስቆመኝ። ምሳ ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት።

«እንኳን ተሻለሽ» አለኝ። ከልቡ ነው ያለው፤ ሰውዬው ክፋት አያውቅም። ከዚያ ጨው እንዳቀብለው ጠየቀኝ። አቀበልኩት፤ ምሳችንን በላን።