ሠላሳ አባት ያለው ልጅ

አባቴ በስተርጅናው «ልጅ አገኘሁ» ብሎ የተደሰተበትን ሰሞን ሳስበው እስከ ዛሬ ሆዴ ይባባል።

ስሙ ሁቲያ ነው። ከኑዚ ከተማ ቅጥር ውጭ፣ ከቦዩ ዳር፣ ከአያቱ የወረደ የገብስ ማሳ ነበረው። ወንድሜ ታርሚያ በንጉሡ ጦር ውስጥ ሳለ በንዳድ ሞተ። የቀረሁት እኔ አዙሊ ነኝ፤ እኔም ባሌ ሞቶብኝ ወደ አባቴ ቤት የተመለስኩ። ሁለት ዓመት በላይ በላዩ ዝናብ ጠፋና ለዘር ያስቀመጥነውን በላነው።

ቱራሪ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ቱራሪ የአክስቴ ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት አባቴ ወስዶ አሳደገው። ጣቶቹ ቀጫጭን ስለነበሩ «ይሄ ለሞፈር አይሆንም» ብሎ ከጸሐፊዎች ዘንድ አስገባው፤ ለመምህሩም ከጉሮሯችን እየነጠቀ ገብስ ይሰፍርለት ነበር። አሁን ቱራሪ ንጹሕ ልብስ የሚለብስ፣ ሰው መንገድ የሚለቅለት ጸሐፊ ሆኗል።

«አጎቴ፣ መላ አግኝቼልዎታለሁ» አለ፣ ገና ሳይቀመጥ። «ኬልቴሹፕን ያውቁታል አይደል?»

«እሱን የማያውቅ ማን አለ? ውሻው እንኳ ከእኛ የተሻለ ይበላል።»

«ልጅ ያደርጉታል። መሬቱንም ያወርሱታል። እሱ ደግሞ አሥር ሰቅል ብርና ገብስ በስጦታ ይሰጥዎታል።»

«ኬልቴሹፕ? የኔ ልጅ?»

«የውሉ የጭቃ ሰሌዳ ላይ እንደዚያ ነው የሚጻፈው።»

ርስት እንደማይሸጥ በአገራችን ሕፃን ያውቃል። ልጅ ማድረግ ምን እንደሆነም እናውቃለን። መውለድ ያልቻለ አንድ ሸማኔ ጎረቤታችን ልጅ ሲያደርግ ሰሌዳው በቋንቋችን ሲነገር ቆመን ሰምተናል፦ ልጁ አባቱን በሕይወት ሳለ ያበላዋል፣ ያለብሰዋል፤ ሲሞት ያለቅስለታል፣ ይቀብረዋል። አባቴ ያሰበው ይህንኑ ነው።

ውሉ የታሰረው በከተማው በር ነው። ኬልቴሹፕ ራሱ አልመጣም፤ የንብረቱን መጋቢ ላከ። ቱራሪ እርጥቡ ጭቃ ላይ በሸምበቆው ጻፈና በባቢሎን ቋንቋ፣ የጭቃ ጽሕፈት ሁሉ በሚጻፍበት ቋንቋ፣ ቶሎ ቶሎ አነበበ። ከአባቴ ወገን አንድም የሰማው የለም።

«ምን ይላል ልጄ?» አለው አባቴ።

«ኬልቴሹፕን ልጄ አድርጌዋለሁ ይላል። የቀረው የተለመደው ነው።»

ምስክሮቹ ማኅተማቸውን አሳረፉ። አባቴ ማኅተም የለውም፤ የአውራ ጣቱን ጥፍር ጭቃው ላይ ተጫነ። ከዚያ ሲመለስ ቀጥ ብሎ ነበር የሚራመደው። ላገኘው ሰው ሁሉ ስለ «ልጄ» እያወራ አሰለቸን። «ልጄ ሥራ ይበዛበታል እንጂ ሳይመጣ አይቀርም» ይላል። እኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድም አገኘሁ ብዬ ነበር።

የአዝመራው በዓል ደረሰ፤ ልጁ ግን ዝር አላለም። አባቴ ቂጣ አስጋገረኝና አንድ ማሰሮ ጠላ አንግተን ወደ ኬልቴሹፕ ግቢ ሄድን።

«ምን ፈልገው ነው አባባ?» አለ በረኛው።

«ልጄን ልጠይቅ ነው።»

«እሺ፣ የትኛው ነው? እረኛው?»

«ኬልቴሹፕ።»

በረኛው በሩን ተደግፎ ሳቀ። «ኧረ ኑ! ጌታችን ሌላ አባት መጣለት!»

«ሠላሳ ሞሉለት ማለት ነዋ!» አለች ከውስጥ አንዲት ፈጪ። «እናትየው ምን ዓይነት ሴት ብትሆን ነው?»

አባቴ መጀመሪያ አብሮ ሳቀ። ቤተሰብ አድርገው የቀለዱበት መስሎት ነው። በሩ ሲዘጋ ግን ማሰሮውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። «አባዬ፣ እንሂድ» ብዬ እጁን ያዝኩት።

በበልግ፣ ባለ መሬት ሁሉ ለንጉሡ ቦይ የመቆፈር ግዳጅ አለበትና፣ የቁፋሮ አለቃው መጣ። አባቴ «መሬቱ አሁን የልጄ ነው፤ ግዳጁንም እሱ ይወጣ» አለው። አለቃው «ሰሌዳው መሬቱ የሱ፣ ግዳጁ ያንተ ይላል» ብሎ አካፋ አስያዘው።

ቱራሪን አስጠራነው።

«ይሄን ታውቅ ነበር?»

«አጎቴ፣ ሽያጭ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጻፈው። ርስት አይሸጥም፤ ስለዚህ ገዢው ልጅ ይባላል፣ ዋጋው ስጦታ ይባላል። ጸሐፊ ሁሉ ያውቀዋል።»

«እኔ ጸሐፊ ነኝ?»

ቱራሪ መሬት መሬት አየ። «እርስዎም የሚያውቁ መስሎኝ... አልዋሸሁም እኮ።»

«አልዋሸህም። ዝም አልክብኝ። ገብስ የሰፈርኩት ያን ዝምታ እንድትማርልኝ ነው?»

በማግስቱ ከማሳው አንድ ጓል አንስቶ ዳኞቹ ፊት ቀረበ። እኛ ዘንድ አባት ልጁን ሲክድ ጓል ይሰብራል። ከእግራቸው ሥር ፈጠፈጠው። «ኬልቴሹፕ ልጄ አይደለም! ድርሻውን ነቅያለሁ!»

ሽማግሌው ዳኛ ሰሌዳውን አገላብጦ አየ። የተናደደ አይመስልም፤ የደከመው ይመስላል። «ውሉን ያፈረሰ አንድ ምናን ብርና አንድ ምናን ወርቅ ይከፍላል ይላል። አለህ?» አንድ ምናን ስድሳ ሰቅል ነው፤ አባቴ የተቀበለው አሥር ነው።

«እንደ ልጅ አላየኝም እኮ፣ ጌታዬ!»

«እዚህ ላይ ያይሃል አይልም።»

አንድ አሽከር መጥቶ የተሰበረውን አፈር ጠረገ።

አባቴ ሁለት በልግ ሌላ ሰው ለሚያጭደው ማሳ ቦይ ቆፈረ። በሦስተኛው ጉልበቱ ከዳውና ሞተ። ቱራሪ ለቀብሩ መጥቶ ከሁላችን በላይ ጮኾ አለቀሰ። ሰዎች «እንዲህ ነው ልጅ» አሉ። እውነተኛ ልቅሶ እንደነበር አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ ውኃ እንኳ አላቀረብኩለትም።

ብሩ አለቀ፤ እኔም በኬልቴሹፕ የሽመና ቤት ሥራ ገባሁ። አንድ ቀን እሱ ራሱ ጨርቅ ሊያይ በሸማኔዎቹ መካከል አለፈ። ከዚያ በፊት በቅርብ አይቼው አላውቅም፤ ጥርሱን የሚያመው፣ ጉንጩ ያበጠ ተራ ሰው ነበር።

«ወንድሜ፣ አባታችን ሞተ» አልኩት።

ወደ መጋቢው ዞረ። «ምን አለች?»

መጋቢው በጆሮው ነገረው። ኬልቴሹፕ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። የአባቴ ስም ማን እንደነበር ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ ለማስታወስ ሞክሮ ሳይሆንለት ቀረ። «ሦስት መስፈሪያ ገብስ ስጧት» ብሎ አለፈ።

ገብሱን ተቀበልኩ። መጋቢው ስሜን እየጠየቀ እርጥብ ጭቃ አውጥቶ መጻፍ ሲጀምር «ምን እያልክ ነው የምትጽፈው?» አልኩት። ቀና ብሎ ሳያየኝ «የተለመደው ነው» አለኝ።