በገንዳ የበረረው ጂኒ

ፕራግ ውስጥ ፊልም የምታዘጋጀው ድራሆሚራ አንዴ ከያዘች አትለቅም። በአዲሱ ኮሜዲዋ አንድ የውሃ ጂኒ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ ከቭልታቫ ወንዝ በላይ መብረር ነበረበት። ለሙከራ ገንዳውን በክሬን ሲሰቅሉት ግን ተገለበጠና በሰው ፋንታ የጫኑበት የአሸዋ ከረጢት ወንዙ ውስጥ ሰመጠ። ጂኒውን የሚጫወተው ወፍራሙ ኦልድርዢህ ይህን አይቶ የጂኒውን አረንጓዴ ኮት አወለቀ።

«የውሃ ጂኒ ውሃ በላው ልባል? አልገባም!»

«እንተወው በቃ» አለ ካሜራ ያዡ።

«ሞቼ ነው የምተወው!» አለች ድራሆሚራ።

ቀኑን ሙሉ ከሠራተኞቹ ጋር ስትታገል ውላ፣ ገንዳውን በአንድ ገመድ ፋንታ በአራቱም ማዕዘን አሳሰረችው። ከዚያ ኮቱን ራሷ ለብሳ ገባችና ወደ ላይ ተነሣች። ነፋሱ ሲያወዛውዛት ፊቷ አመድ መሰለ።

«ኦልድርዢህ! መላጣህ ከዚህ ሲያበራ ይታየኛል!» ብላ ጮኸች። ድልድዩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ።

ስትወርድ ከገንዳው እየዳኸች ወጣች።

«አምጪ ኮቱን» አላት ኦልድርዢህ፤ «አንቺማ የረጠበች ድመት እንጂ ጂኒ አትመስዪም።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀረጹት። ኦልድርዢህ የበረረው በፍርሃት ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ሲኒማ ቤት የገባው ሕዝብ ግን ጂኒው በደስታ የሰከረ መስሎት በሳቅ ፈረሰ።