ሐብሐቡ ሲደርስ

እህቴ "ሐብሐቡ ሲደርስ አመጣታለሁ" ያለችኝ መቼም አይደርስም ብላ ነው። እኛ ሰፈር ሙቀቱ መጣ ሲሉት ይሄዳል፤ እንኳን ሐብሐብ ቲማቲሙም ሳይቀላ ውርጭ ይቀድመዋል። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ።

"ቃልሽ ነው?" አልኳት።

"ቃሌ ነው እትዬ። መጥታ ትሰንብት፤ ከለመደችሽ እዚያው ትቅር" አለች፣ ፊቷን አዙራ።

የምናወራው ስለ ሚጢ ነው፤ ስለ ልጄ። ሳንባዬን ታምሜ ሆስፒታል ስገባ ገና ጡት አልተወችም ነበር። ሐኪሙ "አጠገብሽ እንዳትደርስ" አለ፣ ታናሽ እህቴ አቅፋ ወሰደቻት። ከስንት ጊዜ በኋላ ተሽሎኝ ስወጣ ልጄ ሮጣ ከእህቴ ቀሚስ ኋላ ተደበቀችብኝ። እህቴን አልወቅሳትም፤ እሷ ባትኖር ልጅም አይኖረኝም ነበር። አንጀቴ ግን አርሯል፣ ምን ልዋሽ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ገና ብርዱ ሳይወጣ የሐብሐቡን ዘር በእርጥብ ቁራጭ ጨርቅ ጠቅልዬ መተኮሻ ጠረጴዛዬ ጥግ አኖርኩት፤ የካውያው ሙቀት አበቀለው። ቡቃያውን በወረቀት ኩባያ መስኮት ስር አሳደግኩት። ደንበኞቼ ቀሚስ ሊለኩ ሲመጡ "እንዳትነኩብኝ!" እያልኩ አስበረገግኳቸው። ደጅ ካወጣሁት በኋላ ላስቲክ አለበስኩት። አበባ ሲያወጣ ንብ ዝር አላለም፤ ስለዚህ ወንዱን አበባ ቀጥፌ፣ ከሥሯ ትንሽ ፍሬ በቋጠረችው በሴቷ ላይ አሻሸሁት። ጫማ ሰሪው ጎረቤቴ በአጥር አሻግሮ አየኝ።

"ብለሽ ብለሽ ሐብሐብ መዳር ጀመርሽ?"

"አንተም ሚስት ካጣህ ተራ ያዝ" አልኩት።

ከዚያ ከባዱ መጣ። ሁሉም ፍሬ ልደግ ካለ አንዱም ውርጩን አይቀድምም። አንዷን ትቼ ሌሎቹን በመቀስ ቆረጥኳቸው። ስንት ጨርቅ ያለ ርኅራኄ የቆረጥኩ ሴት ያን ቀን እያንዳንዷን "ይቅር በይኝ" እያልኩ ቆረጥኩ። ያቺን አንዷን ሲመሽ አሮጌ ካፖርት አለብሳት ነበር።

ደረሰች። ትንሽ ጎመን ብታህል ነው። ከአንገቷ አጠገብ ያለው የሐረጉ ጥምዝምዝ ክር ደርቆ፣ መሬት የነካው ሆዷ ቢጫ ሆኖ ሳይ እህቴ ጋ ደወልኩ። መድረሷን ሁለት ሦስቴ አስደገመችኝ። "እሺ እትዬ" አለች በመጨረሻ። በነጋታው ሚጢን ከነሻንጣዋ አምጥታ፣ በር ላይ ስማት፣ ዞር ብላ ሳታይ ሄደች።

ከምሳ በኋላ ሐብሐቧን ቆረስኩ። ሚጢ በላች። ጭማቂው እስከ ክርኗ ወረደ። ፍሬውን "ቱፍ" እያለች ስትስቅ እኔም ሳቅኩ። ቀስ ብላ ጭኔ ላይ ወጣች፤ ራሷ ናት የወጣችው፣ አልጎተትኳትም።

"አንቺ ነሽ የሠራሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"ጎበዝ!" አለችና እዚያው እቅፌ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት።

እግሬ ደነዘዘ፤ አልተነቃነቅኩም። ተሳካልኝ አልኩ በሆዴ። የት ትምህርት ቤት እንደማስገባት፣ የብርድ ካፖርቷን ከየትኛው ጨርቅ እንደምቆርጥላት ሁሉ ወሰንኩ።

ዓይኗን ሳትገልጥ "እማዬ" አለች።

"ወዬ የኔ ልጅ!" አልኩ። ስንት ዘመን አፌ ውስጥ የቆየች ወዬ ነበረች።

ዓይኗን ገለጠች። አየችኝ። ከዚያ አንገቷን አዙራ ከኋላዬ፣ በበሩ በኩል ፈለገች።

"አንቺን አይደለም" አለችኝ ዝግ ብላ፣ እንዳልቀየማት የፈራች ይመስል። "እማዬን ነው።" ከጭኔ ተንሸራታ ወረደች። "የት ሄደች? ትታኝ ሄደች?"

ከዚያ ለቅሶው መጣ። ላባብላት እችል ነበር። ልጅ ነች፤ ሁለት ሦስት ቀን አልቅሳ ትለምደኝ ነበር። ግን ይህን ለቅሶ አውቀዋለሁ። ከእቅፌ ያነሷት ቀን ከሆስፒታሉ ኮሪደር ጫፍ ተሰምቶኛል፤ ያኔ የምታለቅሰው ለእኔ ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ እናቷን ልቀማት አልቻልኩም።

ስልኩን አነሳሁ። እህቴ ገና ሳይጠራ አነሳችው፤ ድምጿ ዘግቷል።

"ምነው እትዬ?"

"ነይ" አልኳት። "ልጅሽ ትፈልግሻለች።"