ሠላሳ አራት ጫማ እንግዳ

ማህፉዛ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር በአንድ ሰዓት ከተኛች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ቤት አጥተው አይደለም፤ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ሦስት መኝታ ያለው ቤት አላቸው። የጎደለው ሰዓቱ ነው። እሷ ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል ላይ ዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ ዊልቸር ልትገፋ ትወጣለች። ባሏ አብዱልሐሚድ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በስልክ የሚጠራውን ተሳፋሪ ሊያመላልስ ወጥቶ፣ እሷ ስትወጣ ይገባል። ትልቋ ሩዋይዳ ከትምህርት በኋላ ሃቫና ስትሪት ላይ ስልክ ትሸጣለች፤ ቤት ገብታ ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት የራሷን ስልክ ታያለች። እንደ ሰው የሚተኛው የአሥራ አንድ ዓመቱ ጠልሀ ብቻ ነው። ባልና ሚስቱ የሚገናኙት ደረጃው ላይ ነው፤ እሱ ወደ ላይ፣ እሷ ወደ ታች። ስለ ጣሪያ ጥገናም ሆነ ስለ ዘመድ ሠርግ የተወሰነው ሁሉ እዚያው ቆመው የተወሰነ ነው።

በጃንዋሪ ማህፉዛ አንድ ነገር ቆርጣ ተነሳች። ሦስት ሌሊት። ተራራ ላይ፣ ስልክ በማይሠራበት፣ አራቱም አንድ ላይ የሚተኙበት ሦስት ሌሊት። ሆቴል አይሆንም፤ ሆቴል ባለበት ተሳፋሪ አለ፣ ተሳፋሪ ባለበት አብዱልሐሚድ አይተኛም። ድንኳን ደግሞ ሩዋይዳ ስሙ ሲነሳ ገና «ኖ» ብላለች። ስለዚህ ሞተርሆም ይገዛ ተባለ፤ አልጋና ምድጃውን ተሸክሞ የሚሄድ መኪና።

ማህፉዛ የፈለገችው አጭሩን ነበር። ዊልቸር ሲገፋ የኖረ ሰው ርዝመት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የእግር ማስቀመጫው የተዘረጋ ዊልቸር አሳንሰር ውስጥ ከገባ መዞር የለም፣ በጀርባው ነው የሚወጣው። ግን መኪና የሚገዛው በኮሚቴ ነው። አብዱልሐሚድ በሕይወቱ ማንንም ሳያማክር የገዛው ነገር ቢኖር ሙዝ ነው።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው አየር ማረፊያው አጠገብ፣ ሾፌሮች ተራ በሚጠብቁበት ፓርኪንግ ነው። ሊቀመንበሩ የአብዱልሐሚድ አጎት ጋሽ ያሲር ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመታቸው ቢሆንም ፓርኪንጉን አልተዉትም። ጸሐፊው ተገኝ ነው። ተገኝ ስለ መኪና የማያውቀው የለም፤ የራሱ መኪና ግን ከሳምንቱ ግማሹን ጋራዥ ነው። ማህፉዛ የመረጠቻት ሃያ አራት ጫማ ሞተርሆም ፎቶ ለኮሚቴው ሲቀርብ ጋሽ ያሲር አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«እንግዳ ቢመጣስ?»

ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። አራት አልጋ ገዝቶ ለአራት ሰው ነው ማለት፣ በር ላይ «አትምጡብን» ብሎ ከመጻፍ በምን ይለያል? አልጋው ስድስት ይሁን ተባለ፤ ስድስት ከሆነ ስምንት ቢሆን ምን አለበት ተባለ። እንዲህ እየተባለ ሠላሳ አራት ጫማ ርዝመት ያለው፣ ዕድሜው የገፋ ግን ግርማ ያለው ሞተርሆም ተገዛ። ቤታቸው ፊት ሲቆም የጎረቤቱ ሳሎን ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ዋለ። ጋሽ ያሲር በዚያው ቀን መጥተው የኋላውን አልጋ በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉት፣ እመጣለሁ አሉ፣ በማግስቱም ብርድ ልብሳቸውን ላኩ። ተገኝም እመጣለሁ አለ።

ነገሩ የተበላሸው ኮምፒውተሩ ጋ ሲደርስ ነው። የካምፕ ቦታ የሚያዝበት ድረ ገጽ ከየት መጣሽ አይልም፣ ወረቀት አለሽ ወይ አይልም። ርዝመትሽ ስንት ነው ይላል። ማህፉዛ ሠላሳ አራት ብላ ስትጽፍ ካርታው ላይ ያሉት አረንጓዴ ነጥቦች ድራሻቸው ጠፋ። ሠላሳ ስትል ሁለት ብቅ አሉ፣ ሁለቱም ለኦክቶበር። ሃያ አምስት ስትል ግን ሐይቁ ዳር፣ ወንዙ አጠገብ፣ ጥዱ ውስጥ ነጥቡ እንደ ጉድ ፈላ። ቁጥሩን ዝቅ ባደረገች መጠን ኮሎራዶ እየሰፋ ሄደ። ለረጅሞች የተፈቀደው ሀይዌይ ዳር ያለ አስፋልት ነው፤ መብራት አለው፣ ውሃ አለው፣ ኢንተርኔትም አለው። ኢንተርኔት ካለ ደግሞ የአብዱልሐሚድ ስልክ ይጮሃል።

ደረጃው ላይ ስትነግረው ብዙም አልተጨነቀም። ሃያ አምስት ብለሽ ጻፊው አላት፤ ማን ሊለካው ነው ብሏል ተገኝ። ማህፉዛ ውሸት አትወድም። እንቅልፍ ግን ትወዳለች። ቢስሚላህ ማለቱ ስለከበዳት ዝም ብላ ቁልፉን ተጫነችው።

በጁን አጋማሽ አራቱ ተነስተው ሄዱ፤ ጋሽ ያሲርና ተገኝ በማግስቱ በራሳቸው መኪና ሊደርሱ ተቀጣጠሩ፣ ብርድ ልብሱ ግን ቀድሞ ተጓዘ። የያዙት የሐይቅ ዳር ካምፕ መግቢያ ላይ የተቀበለቻቸው ሬንጀር፣ የጫካው ጠባቂ፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ፊቷ የማይከፋ ሴት ናት። ሞተርሆሙን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ አየችው፤ ለዚህም አንገቷን ሁለቴ ማዞር ነበረባት። ከዚያ ጎጆዋ ገብታ እጀታው ረጅም የሆነ፣ መሬት ላይ የሚንከባለል ባለ ጎማ መለኪያ ይዛ ወጣች። ተገኝ ማን ሊለካው ነው ያለው ይቺን ሴት ሳያውቃት ነው።

ሠላሳ አራት ጫማ ከሰባት ኢንች ሆነ። አብዱልሐሚድ የኋላው መሰላል ተለጣፊ ስለሆነ አይቆጠርም ብሎ ተሟገተ። ሬንጀሯ መሰላሉን ቢነቅለውም ዘጠኝ ጫማ ትርፍ እንደሚቀረው በትሕትና ነገረችው። ክፋት አልነበረባትም። ውስጥ ያለው መንገድ ጥዱን እየታከከ ስለሚጠማዘዝ፣ ባለፈው ዓመት እንደነሱ ያለ አንድ ረጅም ገብቶ ጫካውን ሁሉ ግማሽ ቀን ዘግቶት እንደዋለ አስረዳቻቸው።

መዞሪያ አልነበረም። እስከ ዋናው መንገድ በኋላ ማርሽ ወጡ። ጠልሀ ከኋላ ቆሞ «ከም ኦን አባ፣ ኪፕ ጎይንግ» እያለ እጁን ሲያወናጭፍ፣ ካምፕ ያደረገው ሕዝብ ታጣፊ ወንበሩን አምጥቶ ተቀመጠ። አንዱ ሳንድዊቹን ይዞ ነው የመጣው። ሩዋይዳ የሁዲዋን ኮፍያ እስከ አፍንጫዋ ጎተተችው። ኦሮራ ሲደርሱ ገና ፀሐይ ነበረች፤ አብዱልሐሚድም ከተመለስን አይቀር ብሎ ስልኩን ከፍቶ ሥራ ወጣ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተወው ነበር። ማህፉዛ በማግስቱ ባሏን ደረጃው ላይ አቆመችው። ሞተርሆሙን ልለውጠው ነው አለችው። እንለውጠው ወይ አላለችም።

«ኮሚቴው ምን ይላል?» አለ አብዱልሐሚድ።

«ኮሚቴው አንድ ቀን አስተኝቶኝ ያውቃል?»

ባሏ ወደ ላይ ወጣ።

አብራት ዊልቸር የምትገፋው ሮማን የምትኖረው ሊትልተን ከተማ ነው። እሷና ባሏ ሃያ አራት ጫማ ሞተርሆም አላቸው። ያስቸገራቸው ደግሞ የቸርቻቸው ኳየር፣ የመዘምራን ቡድኑ ነው፤ በየኮንፈረንሱ በአምስት መኪና ተበታትኖ ሲጓዝ ባለ ቀጭን ድምፁ ሶፕራኖ አንድ ከተማ፣ ባለ ወፍራሙ ቤዝ ሌላ ከተማ እየጠፋ ሮማንን አስመርሯታል። ማህፉዛ ይህን ስትሰማ ነገሩ ቦግ አለላት። ኳየር ጫካ አይገባም። ኳየር የሚሄደው አዳራሽ ነው፤ አዳራሽ ደግሞ ፓርኪንጉ ሜዳ ነው፣ ማንም በመለኪያ አይመጣም። ለሳምንት ያህል ጎን ለጎን ዊልቸር እየገፉ ከበር ወደ በር ተደራደሩ። የነማህፉዛ ረጅም ሆኖ አሮጌ፣ የነሮማን አጭር ሆኖ አዲስ ቢጤ ስለነበረ ሚዛኑ ደህና መጣ። የባለቤትነት ወረቀቱን ሲለዋወጡ ሮማን፣ «ስምንቱንም አልጋ ለጌታ አዋልነው» ብላ ሳቀች፤ ማህፉዛም አላህ ይቀበል አለቻት።

ቦታው ቀላል አልነበረም። የጁላይ ነገር ከጃንዋሪ ጀምሮ ነው የሚያዘው፤ የቀረው ተስፋ ሰው የሚሰርዘው ነው። ማህፉዛ ሦስት ሳምንት በእረፍቷ፣ ምሳ ስትበላ፣ አሳንሰር ስትጠብቅ ድረ ገጹን ሪፍሬሽ ስታደርግ ከረመች። አንድ ማክሰኞ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ብቅ አለች፤ ያው ሐይቅ፣ የጁላይ መጨረሻ፣ ሦስት ሌሊት። ሃያ አራት ብላ ጻፈች፣ አሁን ቢስሚላህ አለች፣ ተጫነችው።

የቀረው ብርድ ልብሱ ነው።

አብዱልሐሚድ አጎቱን መንገር አልቻለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፓርኪንጉን ሸሽቶ ከተማ ውስጥ ተራ ሲጠብቅ ሰነበተ። እሷ ብርድ ልብሱን አጥባ፣ አጥፋ፣ በፌስታል አድርጋ ጋሽ ያሲር አፓርታማ ሄደች። ለታላቅ ሰው እምቢ ብላ አታውቅም።

«ጋሼ፣ አልጋው አራት ብቻ ነው» አለች ገና ሳትቀመጥ።

ጋሽ ያሲር ፌስታሉን አዩት። «መሬት ላይ እተኛለሁ። ለእኔ አትጨነቂ።»

«እርስዎ መሬት ላይ ተኝተው እኔ እንቅልፍ ይወስደኛል?»

«እንግዳ ማባረር ጀመርን በይኛ!»

«ቤቴ ለእርስዎ ተዘግቶ አያውቅም፣ አይዘጋምም። ይሄ ግን ቤት አይደለም፤ አራታችን የምንተኛበት ነው። ስድስት ዓመት ሆነን ጋሼ። እርስዎ ከመጡ አብዱልሐሚድ እስኪነጋ ሲያጫውትዎት ያድራል፣ እኔ ሻይ አፈላለሁ፣ ልጆቹ ይላላካሉ። ማንም አይተኛም። ስለዚህ አይመጡም።»

ተናግራ ስትጨርስ የራሷ ድምፅ አስደነገጣት። ጋሽ ያሲር ፌስታሉን ተቀበሏት። ከዚያ ማንም እንደሌለ እያወቁ በሩን ገልመጥ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልንገርሽ? እኔ መኪና ውስጥ መተኛት አልወድም። ሠላሳ ዓመት መኪና ውስጥ ነው የኖርኩት። ወገቤን ጠይቂው።»

«ታዲያ ለምን እመጣለሁ አሉ?»

«ያን ሁሉ አልጋ ገዝታችሁ ቀረሁ ብል አትቀየሙም? ለእናንተ ብዬ ነዋ።» ትንሽ አሰቡና፣ «ተገኝም ድብ ይፈራል። ምን ብዬ ልቅር እያለ ከኤፕሪል ጀምሮ እኔን ነው የሚያማክረኝ» አሉ።

ማህፉዛ ተቀመጠች። አስተናጋጁ ያልፈለገው፣ እንግዳውም ያልፈለገው፣ ግን ሁሉም ለሌላው ይሉኝታ ሲል የገዛው አሥር ጫማ መኪና ነበር ማለት ነው። ያ አሥር ጫማ በመለኪያ ሲለካ፣ መዞሪያ ሲያጣ፣ በሕዝብ ፊት በጀርባው ሲሄድ ነበር የከረመው። ጋሽ ያሲር ለባልሽ እንዳትነግሪው ብለው አስጠነቀቋት። በዚያው ሌሊት ደረጃው ላይ ነገረችው። አብዱልሐሚድ ግድግዳውን ደገፍ ብሎ እስኪያነባ ሳቀ፤ እሷ ለሥራ አሥር ደቂቃ አረፈደች።

በጁላይ መጨረሻ ያችው ሬንጀር አስታወሰቻቸው። አስታውሳቸውም ለካች። ሃያ አራት ጫማ ከስምንት ኢንች፣ መሰላሉ ተቆጥሮ። ሬንጀሯ ግቡ አለቻቸው። ጠመዝማዛው ላይ ጥዱን በእጅ ስፋት አለፉት፤ ቦታቸው ሐይቁን ያያል። አብዱልሐሚድ ስልኩን ከፍ ዝቅ አድርጎ ሁለት ዙር ዞረ፣ ምንም ኔትወርክ ሲያጣ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

እና የመጀመሪያው ሌሊት ከሸፈ። አብዱልሐሚድ ማታ ማታ መንቃት የለመደ ሰው ነው፤ ጣሪያውን ሲያይ አደረ። ማህፉዛ ዘጠኝ ተኩል ላይ ማንም ሳይቀሰቅሳት ተነስታ ጫማዋን ፈለገች። ሁለተኛው ሌሊት ሩዋይዳ በረደኝ ስትል፣ ጠልሀ ውጭ ኮሽታ ሰማሁ ሲል ነጋ። አንድ ሌሊት ብቻ ቀራቸው። ማህፉዛ ሻይዋን ይዛ ሐይቁን እያየች አሰበች። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣችው ለሌሊት ብላ አይደለም፤ ለእንቅልፍ ብላ ነው። በሌሊት እምቢ ካለ በቀን ይመጣል።

በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ እንደ ተራራው ልማድ ደመናው ተሰብስቦ ዝናቡ ወረደ። ማህፉዛ ሁሉንም አስገብታ በሩን ዘጋችው።

«ተኙ» አለች።

«እማ፣ ሦስት ፒ ኤም እኮ ነው» አለች ሩዋይዳ።

«አባትሽ ሥራ ሳይወጣ በዚህ ሰዓት ነው ጋደም የሚለው። እኔም ከሥራ ገብቼ በዚህ ሰዓት ነው የሚደክመኝ። ዛሬ እናንተ ወደ እኛ ሰዓት ትመጣላችሁ። ውጡ ወደ አልጋችሁ።»

አልጋዎቹ እጅግ ከመቀራረባቸው የተነሳ ጋደም እንዳለች እጇን ብትዘረጋ ሁሉንም ትነካ ነበር። ጠልሀ ቀድሞ ሄደ። አብዱልሐሚድ ጠብታው ጣሪያውን ሲደበድበው ትንሽ ስለ ጎማ ተናገረ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ማንኮራፋት ጀመረ። ከላይ የሩዋይዳ ስልክ ከእጇ ተንሸራቶ ፍራሹ ላይ ወደቀ፣ አላነሳችውም። ማህፉዛ ትንፋሻቸውን አንድ በአንድ አዳመጠች። ሦስት ነበሩ።

ሳህኖቹ ውጭ ጠረጴዛው ላይ እንደቀሩ ትዝ አላት፤ አንድ እግሯን ወደ ወለሉ አወረደች። ከዚያ ሦስት ብቻ የሆኑት አራተኛዋ እሷ ገና ስላልተኛች መሆኑ ገባት። እግሯን መለሰች፣ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበች፣ መቁጠሩንም ተወችው።