ዱባው ከሶላሩ ስር

ኤሌክትሪሻኗ ቢላዋዋን የዱባው ሐረግ ላይ ስታሳርፍ የክሊኒኩ ዘበኛ እያነከሱ ጣሪያው ላይ ብቅ አሉ። ከግቢው በር ጀምረው ደረጃውን ሳያርፉ ወጥተውት ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"ልጄ፣ እባክሽ አንዴ ቆዪ።"

"አባባ፣ የክትባት ፍሪጁ በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለት ጊዜ ጠፍቷል። ሲስተር 'ያ ዱባ ዛሬውኑ ይነቀል' ብላለች። እኔ ምን ላድርግ?"

ሽማግሌው ዱባው የበቀለበትን አፈር አዩ። ያንን ሁሉ አፈር በባልዲ፣ በዚያ አልታዘዝ ባለ ጉልበታቸው፣ ሦስት ወር ሙሉ ያመላለሱት እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን የሰው በር ሲከፍቱና ሲዘጉ ኖረው የእኔ ያሉት ነገር ይህ አረንጓዴ ብቻ ነበር። እንዳይነቀልባቸው ፈርተዋል፤ ፍርሃታቸውንም መደበቅ አልቻሉም።

ፍሪጁን የሚያሠሩት የሶላር ፓነሎች በሁለት ረድፍ ተተክለዋል፤ አንዱ ከዱባው በላይ፣ ሌላው ከባዶው ሲሚንቶ በላይ። ኤሌክትሪሻኗ ቀና ስትል አንድ ሰፊ ቅጠል ፓነሉ ጥግ ላይ ተንጋሎ ፀሐይ ሲሞቅ አየችው። ሐረጉ በጨርቅ ቁራጭ ወደ ላይ ታስሯል።

"ይሄን ማን ነው እዚህ ያሰረው?"

"እኔ ነኝ። ፍሬው እርጥብ አፈር ላይ ተኝቶ እንዳይበሰብስብኝ ብዬ።"

ሳቋ አመለጣት። "አባባ፣ እነዚህ እኮ ተያይዘው ነው የሚሠሩት። የአንዱ ጥግ ከተጋረደ ረድፉ በሙሉ ይደክማል። ለአንድ ዱባ ብለው ስንቱን ሕፃን ክትባት ሊያሳጡብን ነበር።"

"አላወቅኩማ" አሉና አንገታቸውን ደፉ።

ቅጠሉን አውርዳ መለኪያዋን አገናኘች። ቁጥሩ ወዲያው ከፍ አለ። ለማመሳከር ያህል የሲሚንቶውን ረድፍ ስትለካ አነሰባት። መለኪያው የተሳሳተ መስሏት ደገመችው፤ ያው ነው። እጇን ከፓነሉ ስር ብትሰድ ሙቀቱ አስደነገጣት። ተመልሳ ከዱባው በላይ ያለውን ፓነል ስትዳስስ ግን ለብ ያለ ብቻ ነው።

"ፓነሎች ሲግሉ ይሰንፋሉ" አለች ቀስ ብላ። "ለካ ይሄ ዱባ ሲያቀዘቅዝልን ነው የከረመው።"

"እና... ይነቀላል?"

ቢላዋዋን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ጨርቁን ፈታ ሐረጉን ዝቅ አደረገችና ለሽቦ በያዘችው የፕላስቲክ ማሰሪያ ከፓነሉ እግር ጋር ላላ አድርጋ አሰረችው። ሽማግሌው ከፍሬው ስር የጣውላ ቁራጭ አስገቡ። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

"ሲስተር፣ ፍሪጁ አያስቸግርሽም። አዎ፣ ዱባው ነበር። አይ፣ አይነቀልም፤ ስወርድ አስረዳሻለሁ።"

ስልኩን ዘግታ ወደ ሲሚንቶው ረድፍ ተመለከተች።

"አባባ፣ ዘር ተርፎዎታል?"

"ዘሩስ ሞልቷል። ይሄ ጉልበት ግን ሌላ አፈር የሚያወጣ አይመስለኝም።"

ኤሌክትሪሻኗ የመሣሪያ ሣጥኗን ጥላው ስር አስቀመጠች፤ ባዶውን ባልዲ አንስታም ወደ ደረጃው አመራች።