ከማንጎው ሥር የጨዋ ተጫዋች ምርጫ

አሁንም ኳ አለ፣ ጣሳው ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል፣ ከመጋረጃው ጀርባ የወደቀ አንድ የቢራ ቆርኪ እዚህ እኔ ጭንቅላት ውስጥ የወደቀ ያህል ይሰማኛል፣ እኔ ብቻ ብሆንማ ምን ነበረበት፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ይሰማል፣ ሰምቶም እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ባሮ ወንዝ ያያል። ጣሳ ከሆነ ጥዑመልሳን፣ እንስራ ከሆነ ኦቻላ፣ ቅል ከሆነ ዋል። ራሴ ነኝ ያልኩት፣ ምርጫው ሲከፈት እዚሁ ቆሜ፣ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ከፍ አድርጌ እያሳየሁ፣ ይህ የጥዑመልሳን፣ ይህ የኦቻላ፣ ይህ የዋል፣ ገባችሁ? ገባን። ጣሳው ኳ እንደሚል፣ እንስራው ዱብ፣ ቅሉ ኮሽ እንደሚል ግን አልነገርኳቸውም፣ አላወቅሁማ፣ ለዓይን ስጠነቀቅ ጆሮን ረሳሁት፣ አንተ ደደብ፣ አንተ ረታ የተባልክ ጤና ረዳት፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ደረት ላይ ማዳመጫ እያስቀመጥክ የምትውል ሰውዬ፣ ጆሮ የሚባል ነገር መኖሩ እንዴት ይጠፋሃል?

ቀጣይ እላለሁ፣ ቆርኪ አቀብላለሁ፣ እጄ በላብ ረጥቧል። ሙቀቱ ነው ይሉ ይሆናል። ዱብ።

መጋረጃው የጤና ጣቢያው ነው፣ የመርፌ ክፍሉ፣ ለምኜ ያመጣሁት፣ ማንም የሌላውን ምርጫ እንዳያይ። ወረቀትም አልፈለግሁም፣ ፊደል ያልቆጠረ አለ፣ የቆጠረውም በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፍ አለ፣ የእጅ ጽሑፍም ይታወቃል፣ ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቆርኪ፣ ለእጩዎቹ ደግሞ ማንም የማይሳሳትባቸው ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች፣ የእርዳታ ዘይት ጣሳ፣ እንስራ፣ ቅል፣ በዕጣ አከፋፈልኳቸው፣ እንዴት ኮርቼ እንደነበር፣ ትናንት ለራሴ ፈገግ እያልኩ ነበር የተኛሁት። ሦስት ጣሳ ምን ይለኝ ነበር፣ ሦስት አንድ ዓይነት ጣሳ፣ ገበያው ሞልቶት።

ሁሉን ያበላሸው ዘካርያስ ነው፣ አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ ዘካርያስ ምን አደረገ፣ ልብስ ሰፊው ዘካርያስ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከበሮ የሚመታው፣ መጀመሪያ እኔ ብሎ ተነሥቶ ቆርኪውን ተቀበለኝ፣ እየሳቀ ገባ፣ ኳ፣ እየሳቀ ወጣ። ከእሱ በፊት የገባ ስለሌለ ምን እንደሚሰማ አያውቅም ነበር፣ የልቡን ጣለ፣ አኙዋኩ ዘካርያስ ደገኛውን ጥዑመልሳንን፣ ኦቻላ እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ የአገሩ ልጅ፣ ከጎግ የመጣው ኦቻላ። ሲመለስ ኦሉም ጉልበቱን ሰብሰብ አደረገ፣ ቦታ ሊለቅለት መስሎኝ፣ ኦሉም የሚስቱ ወንድም ነው፣ በየቀኑ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት፣ ኦሉም ግን ተነሥቶ አግዳሚው ጫፍ ሄዶ ተቀመጠ። ዘካርያስ ፊቱ ላይ የቀረውን ሳቅ የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ከዚያ ወዲያ የገባ አኙዋክ ሁሉ ዱብ፣ የገባ ኑዌር ሁሉ ኮሽ፣ እኛስ፣ እኛ ደገኞቹ ምን ተሻልን፣ መምህር አብኔር ትናንት በጆሮዬ፣ ዋልን ነው የምመርጠው፣ እንደ እሱ ተሸንፎ የሚስቅ ሰው አላየሁም ያለኝ፣ ገባ፣ ቆየ፣ መጋረጃው ውስጥ ሲተነፍስ ሁሉ ሰማሁት፣ ከዚያ ኳ። ወጥቶ አላየኝም።

ሽልማት ማን ጠየቀን? ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ዳማ ዳማ ነው፣ ካርቶን ላይ በእስኪሪብቶ የተሰመረ ገበታ፣ የዚህኛው ቆርኪ ፊቱን የዚያኛው ጀርባውን፣ ብላ፣ አልበላም፣ ግዴታህ ነው ብላ፣ ሲነግሥ ጭብጨባ፣ በቃ። እኔ ነኝ ሽልማት ያልኩት። አሸናፊውንማ ገበታው ይነግረናል አልኩ፣ ገበታው የማይነግረንን እንሸልም፣ የዓመቱን ጨዋ ተጫዋች፣ ተሸንፎ የማይሳደብ፣ አሸንፎ የማያሾፍ፣ ጓደኛውን የሚያስከብር። ጨዋ! ጨዋ ልንመርጥ ተሰብስበን እዩን።

ጥቆማው ግን አምሮ ነበር፣ መድኃኔዓለም ያውቃል አምሮ ነበር፣ ደንብ አወጣሁ፣ ማንም ሰው መጠቆም የሚችለው ያሸነፈውን ሰው ብቻ ነው፣ ቆሞ እንዴት እንደተሸነፈ ይናገራል፣ ከዚያ ስሙን ይጠራል። መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ ረታ መሸነፌን አደባባይ ላይ ልታስለፈልፈኝ ነው? ከዚያ ዋል ተነሣ፣ ያ ረጅሙ ኑዌር ሾፌር፣ ኦቻላ በላኝ፣ ተናደድኩ፣ ገበታውን ገለበጥኩት፣ እሱ ግን ቆርኪ ሁሉ ለቅሞ እያንዳንዱን በነበረበት መለሰ፣ እንጨርስ አለኝ፣ ጨረስን፣ ሁለተኛ በላኝ፣ እኔ ኦቻላ እላለሁ። ኦቻላ ደግሞ ተነሣ፣ ወባ ይዞኝ ተኝቼ፣ ጥዑመልሳን ገበታ ይዞ አልጋዬ ድረስ መጣ፣ አሸነፈኝ፣ በሽተኛ ስለሆንኩ አልተወልኝም፣ በዚህ ደስ አለኝ፣ ሰው ነኝ ማለት ነው፣ ማሸነፉን ግን ለማንም አላወራም። ጥዑመልሳን፣ የፋይናንስ ቢሮው ጥዑመልሳን፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ጠርጎ ዋልን ጠቆመ። ክብ ሆነ። ማን ከየት እንደሆነ ያሰበ አልነበረም፣ አንድ ሰው እንኳን፣ እኔ ያን ዕለት ወደ ቤት ስሄድ ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር፣ የሚያየኝ አበደ ሳይል አይቀርም።

ቀጣይ። ኮሽ።

ክልል ከሆንን ወዲህ ቢሮው ሁሉ ወንበሩን በየብሔሩ ይቆጥራል፣ ይቁጠር፣ መብት ነው፣ ስንት ዘመን የተረሳ ሕዝብ ነው፣ አልቃወምም፣ ግን ሻይ ቤቱ ሳይቀር ተከፈለ፣ ይኼ የእነ እከሌ ሻይ ቤት ነው ይሉሃል፣ በሽተኛ እንኳን መርፌ ልወጋው ስል ሌላ ሰው የለም ወይ ይለኛል፣ ትከሻውን እያዞረ። ማንጎው ብቻ ነበር የቀረው። እዚህ ስመጣ ረታ ነኝ፣ ዳማ የማይችለው ረታ፣ በቀኝ በኩል ሁልጊዜ የሚበላው ረታ። ሚስቴ ሙሉብርሃን ወይ እኔ ወይ ይቺ ምድጃ የሆነች ከተማ ብላ ጎሬ ስትገባ በሽተኞቼን ጥዬ አልሄድም አልኩ፣ ውሸት ነው፣ በሽተኛ የትም አለ፣ ይህን አግዳሚ ጥዬ አልሄድም ነው ያልኩት፣ ሚስቴን በዳማ ለወጥኩ፣ እንዲህ ነው በአማርኛ። ከዚህ ሌላ ሰው የለኝም። ከሥራ ስወጣ የምሄድበት፣ ሲያመኝ የት ጠፋ የሚለኝ፣ ይኸው እነሱ ናቸው። ዛሬ አግዳሚው ሦስት ቦታ ተቆርጧል፣ እያየሁት፣ እኔው ባመጣሁት ጣሳ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

አቁም! አቁምና በላቸው፣ ተሳስቻለሁ፣ ይሰማል፣ ሌላ ዕቃ አምጥተን እንደገና። ልክ ነው፣ ለምን አልልም፣ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ ስንቴ። ይሰማል ካልኩ ሁሉም ያልሰማ መስሎ የሸሸገው ይወጣል፣ ዘካርያስ ሆይ አንተ ጥዑመልሳንን ነው የጣልከው፣ አብኔር አንተ ፈርተህ ነው፣ ይህን ሁሉ ፊት ለፊት ማለቴ ነው። ደግሞ ማን ያምነኛል፣ ደገኛው አስመራጭ እንስራው ሲሞላ አይቶ ምርጫ አቆመ ይሉኛል፣ ካላቆምኩ ደግሞ…

ሰው አለቀ።

ሰው የለም እንዴ ሌላ? የቀረህ አንተ ነህ ይላል ኦቻላ፣ ረታ ወንድሜ፣ ግባ። ሁሉም አሁን ከባሮ ወደ እኔ ዞረዋል። በልባቸው ሲቆጥሩ ነበር፣ እኔም ስቆጥር ነበር፣ ጣሳና እንስራ እኩል ናቸው፣ ቅሉ ወደ ኋላ ቀርቷል፣ አንድ ቆርኪ ነው የጎደለው፣ እሱም እጄ ላይ ነው። ወይ አበሳዬ።

መጋረጃው ውስጥ የመርፌ ክፍል ይሸታል፣ አልኮል፣ የታጠበ አቡጄዲ። ሦስቱ ዕቃዎች መሬት ላይ ቁጭ ብለው ያዩኛል። እሺ፣ እንግዲህ ረታ፣ እውነቱን ተናገር፣ ማነው ጨዋው? ጥዑመልሳን ነው። ከልቤ ነው፣ ያገሬ ልጅ ስለሆነ አይደለም፣ ወይስ ነው? አይደለም፣ በሽተኛ ቤት ገበታ ይዞ የሄደው እሱ ነው፣ አንድም ቀን ሲያሾፍ አልሰማሁትም፣ ግን አሁን ይህን ቆርኪ ብለቀው ኳ ይላል፣ ያ ኳ ውስጥ ገበታም ወባም የለም፣ ደገኛ ለደገኛ ብቻ ነው ያለው። እንስራው ውስጥ ብጥለውስ፣ ፍትሐዊው ረታ ይባላል፣ ተመስገን ይባላል፣ ውሸት ይሆናል፣ ሽልማቱን በውሸት የሰጠሁት ሰው ነገ ገበታ ዘርግቶ ና እንጫወት ሲለኝ በምን ዓይኔ አየዋለሁ።

እና ዘካርያስ። ቆይ፣ ዘካርያስ። ጣሳው እኩል የሆነው በእሱ ቆርኪ ነው። ጣሳው ካሸነፈ ኦቻላን ያሳጣን አንተ ነህ ይሉታል፣ እኩል ከወጣም አንተ ነህ፣ እህቴን ያገባህ አንተ ነህ፣ ዕድሜ ልኩን አንተ ነህ። በእኔ መጋረጃ አምኖ ገባ፣ እየሳቀ። ከሁላችን በነጻ የመረጠ እሱ ብቻ ነው፣ ዋጋውን የሚከፍለውም እሱ ብቻ ነው፣ የምን ፍትሕ ነው ይሄ፣ ፈጣሪዬ የምን ምርጫ ነው ይሄ፣ ረታ ምነው? ከውጭ ነው፣ ጥዑመልሳን፣ ደህና ነህ? ደህና ነኝ። ቆርኪው እጄ ላይ ሞቋል።

ከተቆጠረ አለቀልን። ካልተቆጠረስ?

እንስራውን አነሣሁት፣ ከባድ ነው፣ ምን ላደርግ ነው፣ ጣሳው አፍ ላይ ዘቀዘቅሁት፣ የቆርኪ ጎርፍ፣ የሚያስፈራ ጩኸት፣ ወፎቹ ከማንጎው ላይ ብር ብለው ሲነሡ ይሰማኛል፣ ቅሉንም ጨመርኩ፣ ሁሉንም መሬት ላይ ደፋሁት፣ በእግሬ በታተንኩት፣ የማን ከየት እንደወደቀ እኔም አላውቅም፣ እግዜርም ቢወርድ አይለየውም። የእኔንም መሃሉ ላይ ጣልኩ። አፈር ላይ ስለሆነ አልተሰማም።

መጋረጃው ተገፈፈ። ምንድን ነው? ምን አደረግህ? ተደፋ እላለሁ። ተደፋ? እኔ ነኝ የደፋሁት እላለሁ፣ ሆን ብዬ። ለምን? ለምን ረታ ለምን? ምላሴ ላይ አለ፣ ይሰማ ስለነበር ነዋ፣ ሰምታችሁ ዘካርያስ ላይ ስለምትፈርዱ ነዋ፣ አልለውም፣ ዋጥኩት፣ የድንጋይ ያህል ነው ሲወርድ። ሌባ! አለ አንዱ። ሌባ፣ አለ ሌላው፣ በአኙዋክኛም አሉት፣ በኑዌርኛም አሉት፣ በአማርኛማ አብኔር ነው የጮኸው፣ ከሁሉም በላይ፣ አንተ ጊዜያችንን ስታቃጥል የዋልክ፣ ለጥዑመልሳን እንዳይደርሰው ነው የሚል አለ፣ ለኦቻላ እንዳይደርሰው ነው የሚል አለ፣ ቀኑን ሙሉ ያልተነጋገሩ ሰዎች አሁን አንዱ ያንዱን ቃል እየነጠቀ ይጮሁብኛል። ኦቻላ ብቻ አይጮህም። ሰው አከበርንህ ይላል፣ ቀስ ብሎ፣ እኛ ሰው አድርገን አከበርንህ ረታ። ይህችኛዋ ገባች፣ ሌላው ሁሉ ቆዳ ላይ ነው የቀረው።

ዋል ተነሣ። ይህ ሰው ከእንግዲህ እዚህ ይቀመጣል ወይ? አይቀመጥም የሚል እጅ ያውጣ። እጆች ከወዲህም ከወዲያም ይወጣሉ፣ የረጅሙም የአጭሩም፣ ተደባልቀዋል፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የቀረ ስለሌለ ማን የማን ወገን እንደሆነ አይለይም። ጥዑመልሳን ዓይኑን ዓይኔ ላይ አድርጎ ይቆያል፣ ምክንያቱን ንገረኝ የሚል ይመስላል፣ አልነግረውም፣ አንገቱን ደፍቶ እሱም ያወጣል። ኦሉም እየጮኸ ሲገፋ ሲገፋ ሳያውቀው ዘካርያስ አጠገብ ደርሷል፣ ግራ ክንዱ የዘካርያስ ትከሻ ላይ ነው፣ እንደ ወትሮው፣ ቀኝ እጁ ወደ ላይ፣ ምን ትጠብቃለህ አውጣ እንጂ ይለዋል፣ እንደ ዘመድ፣ በቁጣ። ዘካርያስ ያየኛል። ብዙ ያየኛል። ያወጣል።

ይኸው፣ ይህን አልነበር የፈለግኸው? ደስ ይበልህ። ደስ አይልም፣ ምንም ደስ አይልም፣ አርባ ዓመት የሆነው ሰው ማንጎ ሥር አያለቅስም፣ መጋረጃውን እጠፍ፣ እጠፈው፣ የመንግሥት ንብረት ነው። ሌላ ዛፍ አለ፣ ባሮ ዳር ስንት ዛፍ አለ፣ ብቻህን ምን ልታደርግ ከዛፍ ሥር።

ከኋላዬ ቆርኪ ከአፈር እየተለቀመ ነው፣ ካርቶኑ ተዘርግቷል፣ ዘካርያስና ኦሉም ይደረድራሉ፣ አንዱ ፊቱን አንዱ ጀርባውን፣ ሌሎቹም ከበው ይቀመጣሉ፣ አሁንም እየሰደቡኝ፣ ጠጋ በሉ እየተባባሉ። ትናንት የተቋረጠው ላይ የማን ተራ ነበር? ይላል ኦሉም።

የእኔ ነበር።